የቆየ የሣር ማጨጃ ትራክተር ስፒንድልና ኩሽኔታ አጠጋገን

«ኩሽኔታውን ቀየርኩት፤ ወር ሳይሞላው መልሶ ጮኸ። ምን አጥፍቼ ነው?» ሣር በሚያድግበት ወራት በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይኸው ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት የገዙ ወይም በሣር ማጨድ ሥራ ላይ ያሉ፣ ብዙ ዓመት ያገለገለ ራይዲንግ ሞወር (ተቀምጠው የሚነዱት ማጨጃ) በርካሽ ያገኙ ሰዎች ናቸው። በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ከነምክንያቱ ጽፌዋለሁ።

ዋናውን ልንገራችሁ። ኩሽኔታ (ቤሪንግ፣ ዘንጉ በኳሶች ላይ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት) አርጅቶ ብቻ አይበላሽም። ውሃ ገብቶበት፣ ምላጩ ሚዛን ስቶ፣ ሲገጠም ተመትቶ ወይም መሃሉ ያለችው ቱቦ ጠፍታ ነው የሚበላሸው። ምክንያቱን ሳታገኙ አዲስ ከገጠማችሁ፣ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

ክፍሎቹ

ከትራክተሩ ሆድ ሥር ያለው የብረት ሽፋን ዴክ ይባላል። 42 ኢንች የሆነው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምላጭ አለው፤ ሰፋ ያለው ሦስት። እያንዳንዱ ምላጭ የራሱ ስፒንድል አለው። ስፒንድሉ ሲፈታ አንድ ዘንግ፣ ከላይና ከታች ሁለት ኩሽኔታ፣ በመካከላቸው ስፔሰር የምትባል አጭር ቱቦ፣ እነዚህን ሁሉ የሚይዝ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ቤት ታገኛላችሁ። በዘንጉ አናት ላይ ፑሌጃ (በቺንጊያ፣ ማለትም በቀበቶው፣ የሚዞረው ክብ)፣ በግርጌው ምላጭ ይታሰራል።

ከመፍታታችሁ በፊት፦ የሚጮኸው የቱ ነው?

ሞተሩ ጠፍቶ፣ የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ፣ ቺንጊያው ከፑሌጃዎቹ ላይ ወርዶ ይሁን። ከዚያ እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጅ አዙሩ። ጠጠር የሚፈጭ የመሰለ ድምፅ ወይም እጅ ላይ የሚሰማ መንገጫገጭ ካለ፣ አልቋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ገፋ ሲያደርጉት ረጅም ጊዜ በነፃ የሚሽከረከር ኩሽኔታ ጥሩ ይመስላል። ግን ጎማ ሽፋን ያለውና ግሪስ የሞላው ጤነኛ ኩሽኔታ ትንሽ ይዞ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ቶሎም ይቆማል። ያለ ድካም የሚሽከረከረው ግሪሱ ያለቀበት ነው።

ቀጥሎ ጓንት አድርጋችሁ የምላጩን ጫፍ ያዙና ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ አድርጉት። ዘንጉ ከቤቱ ጋር ሳይሆን ለብቻው የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው ሄዷል። መወጠሪያ ፑሌጃዎቹንም አዙሩ። ሰው ስፒንድል ሁሉ ፈትቶ ሲጨርስ ጩኸቱ የእነሱ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። እነሱ ሙሉውን ይቀየራሉ፤ ሥራው ቀላል ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቡሶላ ቁልፍ ከነረጅም እጀታው (የምላጭ ቡሎን ብዙ ጊዜ 15/16 ወይም 5/8 ኢንች ነው)፣ ካላችሁ ኢምፓክት (እየመታ የሚፈታ ማሽን)
- ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ)
- መዶሻ፣ የእንጨት ወይም የጎማ መዶሻ፣ ረጅም የብረት መምቻ (ፓንች)
- ሞርሳ፣ ወይም ቢያንስ ሁለት ጠንካራ የእንጨት ግንዲላ
- ዝገት አላቃቂ ዘይት። ተራው ደብሊውዲ-40 ለጠና ዝገት አቅም ያንሰዋል፤ ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራውን ግዙ
- ካሊፐር (የዘንግ ውፍረት መለኪያ)
- የሽቦ ብሩሽ፣ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ ብሬክ ማጽጃ
- ቁጥር 2 ሊቲየም ግሪስ
- ለአንድ ስፒንድል ሁለት ኩሽኔታ፣ አዲስ የፑሌጃ ዳዶ
- የዓይን መከላከያና ወፍራም ጓንት

ኩሽኔታ ስትገዙ

በትራክተሩ ስም አትግዙ። አንዱ ሞዴል በየዓመቱ የተለያየ ስፒንድል ሊኖረው ይችላል። የድሮውን ኩሽኔታ አውጡና ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። በብዛት የሚገጥማችሁ 6203፣ 6204 ወይም 6205 ነው። የ6203 ውስጡ 17፣ ውጪው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የ6204 ደግሞ 20፣ 47 እና 14፤ የ6205 25፣ 52 እና 15።

ወጥመዱ እዚህ ጋ ነው። ብዙ የአሜሪካ ማጨጃዎች ዘንጋቸው በኢንች ነው። ስለዚህ የውጪው ልክ ያው ሆኖ ውስጡ የተለየ ኩሽኔታ አለ። 6203-10 ውስጡ 5/8 ኢንች ነው፤ 6204-12 ደግሞ 3/4 ኢንች፤ 6205-16 አንድ ኢንች። ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር አሥራ ስድስተኛ ኢንች ነው የሚቆጥረው። 5/8 ኢንች ማለት 15.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ተራውን 6203 ብትገዙ ቤቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ዘንጉ ላይ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ይላላል። «ዳዶው ሲጠብቅ ይይዘዋል» እንዳትሉ። አይዝም፤ ዘንጉን ይበላዋል። ዘንጉን በካሊፐር ሳትለኩ ሱቅ አትሂዱ።

ሁለቱም ጎን የጎማ ሽፋን ያለውን (2አርኤስ) ምረጡ። የብረት ሽፋን ያለው (ዜድዜድ) አቧራና ውሃ ያሳልፋል፤ ለማጨጃ አይሆንም።

አሁን ደግሞ ሌላው ዘወትር የሚጠየቅ፦ «ግሪስ በየጊዜው እሰጠዋለሁ፤ ታዲያ ለምን ይደርቃል?» ቤቱ ላይ ግሪስ መስጫ ኒፕል ካለ፣ ግሪሱ የሚሄደው በሁለቱ ኩሽኔታዎች መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ ነው። በሁለቱም ጎን የተሸፈነ ኩሽኔታ ከገጠማችሁ ግሪሱ የጎማውን ሽፋን አልፎ ኳሶቹ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ኒፕል ያለው ስፒንድል ላይ ወደ ውስጥ የሚዞረውን ሽፋን በቀጭን መንጠቆ ቀስ አድርጋችሁ አውጡት። ወደ ውጪ የሚያየው ይቆይ፤ ቆሻሻ የሚከላከለው እሱ ነው። ኒፕል ከሌለው ግን ምንም አትንኩ። ፋብሪካው የሞላው ግሪስ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ነው።

ሙሉ ስፒንድል መግዛት ይሻላል? ቤቱ ስስ አሉሚኒየም ከሆነና ተመሳሳዩ ገበያ ላይ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ሙሉው ከሁለት ጥሩ ኩሽኔታ ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ዘንግና ቤትም አብሮ ይታደሳል። ያንን ግዙ። የድሮዎቹ ከባድ የብረት ቤት ያላቸው ግን ሙሉው ውድ ነው፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ መመረት አቁሟል። ኩሽኔታ መቀየር የሚያዋጣው ለእነሱ ነው። በኳስ ፋንታ ሾጣጣ ሮለር ያላቸው የድሮ ስፒንድሎችም አሉ። እነሱ ጥብቀታቸው ተስተካክሎ ነው የሚገጠሙት፤ ይህ መመሪያ እነሱን አይመለከትም።

ማስጠንቀቂያ

- የካንዴላው ገመድ ሳይነቀል እጃችሁን ወደ ምላጩ አትስደዱ። ምላጩን ስታዞሩ ሞተሩ አብሮ ሊዞር ይችላል።
- በክሪክ ብቻ የቆመ ትራክተር ሥር አትግቡ። ማቆሚያ (ጃክ ስታንድ) አስገቡለት።
- ኩሽኔታን በብረት መዶሻ በቀጥታ አትምቱ። ብረቱ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ስንጣሪው ዓይን ያጠፋል። የዓይን መከላከያው ለወጉ አይደለም።

አሠራሩ

1. ትራክተሩን አጥፉና እንዳይንቀሳቀስ አድርጉ። ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙት። ቁልፉን አውጡ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ፣ ጎማዎቹን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያዙ።

2. ዴኩን አውጡ። መጀመሪያ የቺንጊያውን አካሄድ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከላይም ከጎንም። ቺንጊያ የተሳሳተ መንገድ ከያዘ ስፒንድሉ ወደ ኋላ ሊዞር ወይም ቺንጊያው ወዲያው ሊወልቅ ይችላል። የከፍታ ማስተካከያውን ዘንግ ወደ መጨረሻው ዝቅታ አውርዱት። ቺንጊያውን ከሞተሩ ፑሌጃ ላይ አውርዱ፤ ማያያዣ ፒኖቹን ንቀሉና ዴኩን በጎን ጎትቱ። የዴኩ ክብደት ሲለቀው ማንሻው በስፕሪንግ ጉልበት ተፈናጥሮ ሊነሳ ስለሚችል፣ ፒኖቹን ስትነቅሉ ፊታችሁንም እጃችሁንም ከእሱ አርቁ።

3. ምላጩን ፍቱ። በምላጩና በዴኩ ግድግዳ መካከል የእንጨት ግንዲላ አስገቡ፤ አለዚያ አብሮ ይዞራል። አብዛኛው በተለመደው መንገድ፣ ወደ ግራ ነው የሚፈታው። ችክ ካለ እልህ ገብታችሁ እጀታው ላይ ቱቦ ከማስረዘማችሁ በፊት ማኑዋሉን እዩ፤ ግራ ጥርስ ያለው ሞዴልም ስላለ። ወደ መሬት የሚያየውን ጎን በቀለም ምልክት አድርጉበት። ምላጭ ተገልብጦ ከታሰረ ሣሩን ይጎነትላል እንጂ አያጭድም።

ምላጩ ሲወጣ ዘንጉ ግርጌ ላይ የተጠመጠመ ነገር ፈልጉ። የዓሣ ማጥመጃ ክር፣ የፕላስቲክ ገመድ፣ ረጅም ደረቅ ሣር። ክሩ ከሙቀቱ የተነሳ ቀልጦ የጎማው ሽፋን ላይ እንደ ጥቁር ቀለበት ተጣብቆ ታገኙታላችሁ። ካልተፋቀ የሽፋኑ የራሱ አካል ይመስላል። ሽፋኑን ቆርጦ ውሃ ያስገባው እሱ ነው።

4. ፑሌጃውን አውጡ። ኢምፓክት ካላችሁ ዳዶው በቀላሉ ይፈታል። ፑሌጃው ዘንጉ ላይ ዝጎ ከተጣበቀ ጠርዙን በካቻቢቴ አትፈንቅሉ። ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ትንሽ ከጎበጠ ከዚያ በኋላ ቺንጊያ በጣለ ቁጥር ትራክተሩን ትረግማላችሁ። ዘይት ነፍታችሁ ጠብቁ፤ ከዚያ በመንቀያ (ፑለር) አውጡት።

5. ስፒንድሉን ከዴኩ ንቀሉ። ቤቱን የሚይዙት ቡሎኖች በብዙዎቹ ላይ ራሳቸው ጥርስ እየቆረጡ አሉሚኒየሙ ውስጥ የገቡ ናቸው። ዝገው ይጣበቃሉ፤ ከተገደዱ ይሰበራሉ። ማታ ዘይት ነፍታችሁ አሳድሯቸው። ጠዋት ትንሽ ፍቱ፣ መልሳችሁ ትንሽ አጥብቁ፣ እንደገና ፍቱ። አንድ ከተሰበረ ቀዳዳውን አስፍታችሁ በስታችሁ በሚያልፍ ቡሎንና ዳዶ ማሰር ይቻላል።

ስፒንድሉ ሲነሳ ሥሩ ያለውን የዴኩን ብረት በሽቦ ብሩሽ ጥረጉና በባትሪ ብርሃን እዩት። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ መበየድ ወይም የብረት ሰሌዳ መደረብ አለበት። የተሰነጠቀ ዴክ ስፒንድሉን ያዘነብለዋል፤ ያዘነበለ ስፒንድል ላይ አዲስ ኩሽኔታ አይበረክትም።

6. ዘንጉንና ኩሽኔታዎቹን አውጡ። ዳዶውን ከዘንጉ ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን መልሳችሁ አስገቡና በእንጨት መዶሻ ምቱ። ዳዶው የዘንጉን ጥርስ ይጠብቃል። ዘንጉ ሲወጣ ስፔሰሯን በመምቻው ወደ ጎን ገፋ አድርጉ፤ የታችኛው ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ይታያችኋል። እሱን ዙሪያውን እያፈራረቃችሁ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ፣ መታ መታ አድርጉ። በአንድ ጎን ብቻ ከመታችሁ ኩሽኔታው ጋድሎ ቤቱን ይፍቃል። ተወጣሪ ቀለበት (ስናፕ ሪንግ) ካለው መጀመሪያ እሱን አውጡ። የወጣውን ሁሉ በአወጣጡ ተራ ካርቶን ላይ ደርድሩት።

7. መርምሩ። ትዕግሥታችሁን እዚህ አውሉት። የድሮው ኩሽኔታ የሞተበትን ምክንያት ይነግራችኋል። ሽፋኑን አንስታችሁ እዩ፦

- ቡናማ ዝገትና ወተት የመሰለ ግሪስ ካለ ውሃ ገብቷል። ብዙ ጊዜ መንስኤው ዴኩን በቧንቧ ማጠብ ነው።
- ሰማያዊ ወይም ጥቁር የሆነ ብረት ግሎ ነበር ማለት ነው። ግሪስ አልቋል ወይም ሲታሰር ታንቋል።
- በቀለበቱ መሮጫ ላይ በእኩል ርቀት የተቀመጡ ትናንሽ ጉድጓዶች ካሉ፣ ሲገጠም በመዶሻ ተመትቷል።

ዘንጉን በብሬክ ማጽጃ አጽዱና ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ቦታ በጥፍራችሁ ዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ገብ ካለ የውስጥ ቀለበቱ ዘንጉ ላይ ይሽከረከር ነበር፤ ዘንጉ ይቀየራል። ቤቱንም ፈትሹ። አዲሱ ኩሽኔታ ያለ ምንም ግፊት በጣት ዘው ብሎ ከገባ ቤቱ ሰፍቷል። ክፍተቱ ጥቂት ከሆነ ሲሊንደራዊ ክፍሎችን ለማያያዝ የሚሠራው አረንጓዴ ሎክታይት ይይዘዋል፤ የሚላወስ ከሆነ ግን ቤት ግዙ። ቤቱን በፑንቶ (በሹል መምቻ) እየወጉ ማጥበብ የሚባለው ዘዴ ኩሽኔታውን በጥቂት ነጥቦች ላይ ብቻ ስለሚያስቀምጠው አልመክረውም።

ስፔሰሯንም እዩ። ሁለቱ ጫፎቿ ጠፍጣፋና እኩል መሆን አለባቸው። የተበላች ስፔሰር እንደሌለች ቁጠሯት።

8. አዲሶቹን ግጠሙ። ኩሽኔታዎቹን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ማታ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩ። የአሉሚኒየሙን ቤት ጠዋት በሙቅ አየር መንፊያ ወደ 200 ዲግሪ ፋራናይት አሙቁት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ ኩሽኔታውም በቅዝቃዜው ትንሽ ይሰበሰባል። ብዙ ጊዜ ያለ ጉልበት ይገባል።

ካልገባ የድሮውን ኩሽኔታ ወይም የውጪውን ቀለበት ልክ የሚያክል ቡሶላ ላዩ ላይ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ። ሕጉ አንድ ነው፦ ቤት ውስጥ ስታስገቡ የውጪውን ቀለበት፣ ዘንግ ስታስገቡ የውስጡን ቀለበት ግፉ። ሌላኛውን ከገፋችሁ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፤ ቅድም ያየናቸው ጉድጓዶች ወዲያው ይፈጠራሉ። ያን ጊዜ አይታይም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው የሚጮኸው። «ወር ሳይሞላው» የሚለው ጥያቄ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ከገባ በኋላ ቤቱን ገልብጡና ስፔሰሯን አስገቡ፤ ከዚያ ሁለተኛው ኩሽኔታ። ለሁለተኛው ሁለቱንም ቀለበት እኩል የሚነካ ጠፍጣፋ ብረት ተጠቀሙ፤ ስፔሰሯ የውስጡን ቀለበት ስትነካ ኳሶቹ ወደ ጎን እንዳይጫኑ። ዘንጉን ስታስገቡ የላይኛውን ኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት በቱቦ ደግፉት። በአንዳንድ ስሪት የታችኛው ኩሽኔታ መጀመሪያ ዘንጉ ላይ ነው የሚገባው፤ ካርቶኑ ላይ የደረደራችሁትን ተራ ተከተሉ።

9. እሰሩና በእጅ አዙሩ። ፑሌጃውን መልሳችሁ በአዲስ ዳዶ አጥብቁ። አሁን አዙሩት። ሳይጠብቅ ለስላሳ የነበረው ከጠበቀ በኋላ ከከበደ ወይም ከያዘ ሥራው አላለቀም። ስፔሰሯ ቀርታለች፣ ተበልታለች ወይም አንዱ ኩሽኔታ እስከ መጨረሻው አልተቀመጠም። ስፔሰር ከሌለች ዳዶው ሁለቱን የውስጥ ቀለበቶች አንዱን ወደ ሌላው ይጫናል፤ ኳሶቹ በጎን ታንቀው ይግላሉ። «ሲሠራ ይለመዳል» ብላችሁ አትለፉት፤ ፍቱት።

10. ወደ ዴኩ መልሱ። ቡሎኖቹን መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ አስይዙ፤ ከዚያ በሰያፍ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። አሉሚኒየም ውስጥ ኢምፓክት አይግባ። ጥርሱ ይላጣል።

11. ምላጩን ሳሉ፣ ሚዛኑን እዩ። ግድግዳ ላይ በተመታ ምስማር የመሃል ቀዳዳውን አንጠልጥሉት። የሚወርደው ጎን ይከብዳል፤ ከዚያ ጫፍ ሞረዱና ደግማችሁ ስቀሉት። የጎበጠ ምላጭ አይቃናም፤ ጣሉት። ምላጩ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ስለሚዞር ትንሽ የክብደት ልዩነት ኩሽኔታውን ያለ ዕረፍት ይደበድበዋል። ሲታሰር ክንፉ (ወደ ላይ የታጠፈው ጠርዝ) ወደ ዴኩ ጣሪያ ይሁን። የምላጩን ቡሎን በቶርክ ቁልፍ አጥብቁ። አንዳንድ ማኑዋል ከ45 እስከ 55 ፉት ፓውንድ፣ ሌላው ከ70 እስከ 90 ይላል፤ የራሳችሁን ተከተሉ።

12. ዴኩን ግጠሙና ሞክሩ። ቺንጊያውን በፎቶው መሠረት አስገቡ። በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ የምላጩን ጫፍ ከመሬት ለኩ፤ በብዙዎቹ ላይ ፊቱ ከኋላው ከ1/8 እስከ 1/2 ኢንች ዝቅ ማለት አለበት። ምላጮቹን ለጥቂት ደቂቃ ያለ ሣር አስዙሩ። ሞተሩን አጥፉ፣ ሁሉም እስኪቆም ጠብቁ፣ የካንዴላውን ገመድ ንቀሉ፤ ከዚያ የስፒንድሎቹን ቤት በእጅ ጀርባ ንኩ። ሁሉም ለብ ማለት አለባቸው። አንዱ ብቻ ከጋለ ወደ ቁጥር 9 ተመለሱ።

ዘወትር የማያቸው ስህተቶች

አንዱን ኩሽኔታ ብቻ መቀየር። የላይኛውም የታችኛውም አንድ ዓይነት ዕድሜ ነው የኖሩት፤ ፈትታችሁ እስከ ደረሳችሁ ድረስ ሁለቱንም ቀይሩ።

ግሪስ ማብዛት። በፓምፑ በኃይል ከገፋችሁ የጎማው ሽፋን ይፈናጠራል፤ በክፍቱ ቆሻሻ ይገባል። ቀስ ብላችሁ አንድ ሁለት ግፊት፣ ከዚያ አቁሙ።

ካጨዱ በኋላ ዴኩ ላይ ውሃ መልቀቅ። የጋለ ስፒንድል በቀዝቃዛ ውሃ ሲመታ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰብና ውሃውን በሽፋኑ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። አንዳንዱ ዴክ ላይ የቧንቧ ማያያዣ አብሮ ስለተሠራ ሰዎች ግዴታ ይመስላቸዋል። ከላይ ያለውን ሣር በቅጠል መንፊያ ንፉ፤ ከሥር ያለውን ከቀዘቀዘ በኋላ በእንጨት ፋቁ። የምር መታጠብ ካለበትም ውሃው ስፒንድሎቹ ላይ በቀጥታ አይረፍ፤ ሲያልቅ ምላጮቹን ጥቂት ደቂቃ አስዙራችሁ አድርቁት።